የአባወራው ዓሣ ጉላሽ

ወንድነቱ በጉላሽ እንዳይጠፋበት የፈራ ሰው አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። ደብረ ብርሃን፣ በጾም ቀን፣ ከጎረቤቴ ከጋሽ ታደሰ ጋር ምግብ ቤት ገብተን ዓሣ ጉላሽ እየበላን ነው። ቴሌቪዥኑ ስለ አንድ ዥንጉርጉር የባሕር ዓሣ ያወራል፤ በቤቱ የምታዘው ሴቷ ናት፣ እሷ ስትሞት ባልየው ራሱ ሴት ሆኖ ቦታዋን ይይዛል አለ። ጋሽ ታደሰ ሊጎርሱ የጠቀለሉትን ወደ ሳህኑ መለሱት። «እኔ አባወራ ነኝ! ይሄን በልቼ ሴት ልሁን?»

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄኛው የዝዋይ ነው» ብላቸው ማን ሰምቶኝ! አስተናጋጇን «አንሺልኝ!» እያሉ ሲያንባርቁ ስልካቸው ጮኸ። ባለቤታቸው ናቸው። «አቤት እመቤቴ! ሽንኩርቱን ገዝቻለሁ... እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ!» ብለው ብድግ አሉ።

አስተናጋጇ ሳህኑን ሳትነካ፣ «ይጨርሱት እንጂ ጋሼ» አለቻቸው፤ «ዓሣው እንኳ ሚስቱ እስክትሞት ይጠብቃል።»