አልነድ ያሉ መርከቦች

(ጣና ዳር፣ ከሰዓት በኋላ። በጥንታዊቷ ቻይና መርከቦቹ በእሳት ያለቁበትን የጦር አዛዥ የሚጫወቱት አንጋፋው ተዋናይ ጋሽ ወሰንየለህ ጥሩራቸውን ሊያወልቁ ይታገላሉ፤ ዳይሬክተሩ ይርዳው እጃቸውን ይዞ ይለምናል፤ ከኋላቸው በሰንሰለት የተያያዙ የደንገል ታንኳዎች ይጨሳሉ።)

ይርዳው፦ አያውልቁት ጋሼ፣ በእናትዎ። አንዴ ብቻ ደግመን እንለኩሰው።

ወሰንየለህ፦ ልቀቀኝ። ይኸ ጥሩር ትከሻዬን ላጠው። ጠዋት ለኮሳችሁ፣ ጨሰ። ቀትር ላይ ለኮሳችሁ፣ ጨሰ። በጭስ ስታስለቅሱኝ ልትውሉ ነው?

ይርዳው፦ ነፋሱ ነው። በታሪኩም እኮ ጠላቶቹ መርከቦቹን ለማቃጠል ነፋሱ እስኪዞር ነው የጠበቁት። ትንሽ ቢዞርልን…

ወሰንየለህ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ነፋሱማ ከምሳ በኋላ ዞሯል። የራስ ቁሬ ጫፍ ላይ የተሰካውን ጥጥ ሐይቁ ውስጥ የጣለው ማን መሰለህ?

ይርዳው፦ እንግዲያው ጋዙ ነው። ውሃ የቀላቀሉበትን ነው የሸጡልን።

ወሰንየለህ፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?

ይርዳው፦ አሁን ይኸ ምን ያደርጋል?

ወሰንየለህ፦ ግድ የለህም፣ ንገረኝ።

ይርዳው፦ የታንኳ ሠሪው የደርበው።

ወሰንየለህ፦ አባትህ ዓሣ ይዘው ሲመለሱ ታንኳዋን የት ነበር የሚያሳድሯት?

ይርዳው፦ ዳር አውጥተው ያቆሟታል። ውሃው እንዲንጠፈጠፍ።

ወሰንየለህ፦ ለምን?

ይርዳው፦ ደንገል ውሃ ይጠጣላ። ውሃ ላይ ከሰነበተማ… ይተዉኝ ጋሼ።

ወሰንየለህ፦ ቻይናዊው አዛዥ፣ ወታደሮቼን ውሃው አጥወለወላቸው ብሎ መርከቦቹን በሰንሰለት ጠፈረ፤ እሳት አንዱን ሲይዝ ሁሉንም ፈጀው። አንተ ደግሞ የታንኳዎቹ ሰልፍ ይበላሻል ብለህ ነፋስ ስትጠብቅ ውሃ ላይ ጠፍረህ አሰነበትካቸው። የሱ ነደደ፣ ያንተ ራሰ። የሐይቅ ልጅ ሆነህ!

ይርዳው፦ ጠፋኝ። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ስለ ቻይና መርከብ ሳነብ፣ የአባቴ ታንኳ ጠፋኝ። አሁን አውጥተን ፀሐይ ብናስመታውስ?

ወሰንየለህ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የካሜራው መኪና ሊሄድ ተሰናድቶ ቆሟል።

ይርዳው፦ ለፊልሙ ገንዘብ ያወጣውን ባለሀብትም ለመንኩት። ዛሬ እሳቱን ካላየሁ ፊልሙን እርሳው ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

ወሰንየለህ፦ የዘንድሮ ልጆች እሳቱን በኮምፒውተር ትጨምሩት የለም እንዴ?

ይርዳው፦ በምን አቅሜ? እዚህ ለመድረስ እንኳ የመምህርነት ሥራዬን ትቻለሁ። ሰዉ ቻይና ሄደህ ሥራ እያለ ሲስቅብኝ፣ የኛ ውሃ ምን ጎደለው አልኩ። አባቴ እንኳ ከመሞቱ በፊት፣ ልጄ በኔ ታንኳ ጦርነት ሊያሳይ ነው እያለ ለጎረቤቱ ሲያወራ ነበር። አለቀልኝ ጋሼ።

ወሰንየለህ፦ አዎ፣ አልቆልሃል። አልዋሽህም።

ይርዳው፦ በቃ፣ እርስዎም ይሂዱ። ይምጡ ማሰሪያውን ልፍታልዎ። በከንቱ አለፋሁዎ። ይኸ ንዴት ነው፣ ይኸ ፍርሃት ነው፣ እኔ የምፈልገው ሁሉ ነገር ያለቀበት ሰው ፊት ነው እያልኩ ሳስደጋግምዎ ከረምኩ።

ወሰንየለህ፦ እኔም አልመጣልህ አለኝ። ስንት ዓመት መድረክ ላይ ቆሜ፣ እሱ ፊት አቃተኝ።

ይርዳው፦ ይማሩኝ። እጅዎን ያንሱልኝ እስቲ፣ ቋጠሮው ጠብቋል።

ወሰንየለህ፦ ቆይ።

ይርዳው፦ ምነው? አመመዎት?

ወሰንየለህ፦ ማሰሪያውን ተወው። ካሜራውን ወደ እኔ ፊት አዙሩ በላቸው፤ እሳቱ ቢቀር ጭሱ ይበቃል። አንተ ከካሜራው አጠገብ ቁምልኝ፣ እንባህንም እንዳትጠርግ፤ ስትጠይቀኝ የከረምከውን ፊት ገና አሁን አየሁት።