የእትዬ ሊሻን አንድ ስህተት

የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ካሱ፣ የተከበራችሁ የውኃ መሥመር ክፍል ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው፣ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠው "ይሄ ልጅ ዛሬ ምን ሊቀባጥር ነው?" በሚል ዓይን የሚያዩኝ እትዬ ሊሻን፤

አቶ ካሱ አሁን ያነበቡትን ምስክር ወረቀት በጥሞና ሰምቻለሁ። "መንገድና አጥር የሠራ ሁሉ አፈር የደፋባቸውን አራት መቶ አሥራ ሁለት የቫልቭ ክዳኖች በብረት ፈላጊ ማሽን በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አግኝተዋል፤ የሳቱት አንድ ብቻ ነው" ይላል። ጥሩ ተጽፏል። ማኅተሙም ያምራል። ከቁጥሮቹ አንዱ ግን ስህተት ነው። የቱ እንደሆነ አሁን አልናገርም፤ የጫሞ ሐይቁ ዓሣ ሳይበላ ሰው ማስደንገጥ ነውር ነው።

በቅድሚያ ማሽኑ የመጣበትን ቀን ላስታውሳችሁ። እትዬ ሊሻን እስከዚያ ቀን ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ለአዲሱ ሥራ ክብር ሲባል መሥሪያ ቤታችን ጫፉ ብረት የሆነ የደህንነት ጫማ ሰጣቸው፤ ቁጥሩ አርባ ሦስት፣ እግራቸው ሠላሳ ሰባት። ማሽኑን አበሩት። ጮኸ። "ሚፍታ፣ እዚህ ጋ ቆፍር!" አሉኝ። ቆፈርኩ፤ ምንም የለም። አንድ እርምጃ ፈቀቅ አሉ። ጮኸ። "አሁንስ አገኘሁት!" ቆፈርኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ግቢው ዘጠኝ ጉድጓድ ሆነ። የዚያን ጊዜው አለቃ በመስኮት ሲያዩን ቆይተው "ከግቢያችን ሥር የብረት ማዕድን ሳይኖር አይቀርም" ብለው ለበላይ አካል ደብዳቤ ማርቀቅ ጀምረው ነበር። ያዳነን የመጋዘኑ ኑሀ ነው። ወጣና፣ "እትዬ፣ እስቲ ጫማዎን ያውልቁ" አለ። አወለቁ። ማሽኑ ዝም አለ። ያን ሁሉ ጉድጓድ የቆፈርኩት ጫማቸውን ፍለጋ ነበር።

ኑሀ ግን እስከ ዛሬ ጥፋቱ የጫማው አይደለም ይላል። "ስማቸው ሊሻን አይደል? ሊሻን ማለት ደረት ላይ የሚንጠለጠል ብረት ነው። ማሽኑ ስማቸውን ነው የጠራው።"

ከዚያ ወዲህ ብረት በሌለው የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ብቻ ሠሩ። የደህንነት ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ይከሰሳሉ፤ በተከሰሱ ቁጥርም "ጌታዬ፣ እግሬን ልጠብቅ ወይስ ውኃዎን?" ይላሉ።

አሠራራቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። "ይሄ የቢራ ቆርኪ ነው፤ እለፈው። ይሄም ቆርኪ ነው። ይሄ ከተማ ከውኃ ይልቅ ምን እንደሚጠጣ መሬቱ ይመሰክራል።" ድምፁ ሲጎላ በዚያ መሥመር ሄደው ይመለሳሉ፤ ከዚያ ከጎን መጥተው ማሽኑን በአግድም ያሳልፋሉ። ሁለቱ መሥመሮች በሚቋረጡበት ቦታ የእንጨት ችካል ይተክላሉ። "መሀሉ እዚህ ነው። ጣት ያህል እንኳ እንዳትወጣ። ክዳኑ ብረት ነው፣ ቧንቧው ግን ፕላስቲክ። ማሽኑ ፕላስቲክ አይሰማም፤ አንተ ደግሞ ምንም አትሰማም።"

ላንቴ ቀበሌ ሙዝ ማሳ ውስጥ እንዲህ በመስቀል ቅርጽ ሲመላለሱ ያዩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተንበረከኩ፤ ማሳው እየተባረከ መስሏቸው። እትዬ ሊሻን ሥራቸውን አላቋረጡም። እኔም አካፋዬን ታቅፌ ከኋላ እንደቆምኩ ሳላስበው ዲያቆን ሆንኩ። እናቴ እንዳትሰማ።

ነጋዴው ከሊል ዛሬ አብሮን ስላለ የሱን ታሪክ በትህትና አቀርባለሁ። "እትዬ፣ ከሱቄ በረንዳ ሥር ጣልያን የቀበረው ወርቅ አለ ይባላል፤ በምስጢር ይምጡልኝ" አለ። ሄድን። ማሽኑ ጩኸቱን አቀለጠው። ከሊል በገዛ እጁ ሲሚንቶውን አፈረሰ። ከሥሩ የወጣው ስድስት ዓመት ሙሉ ስንፈልገው የኖርነው የቫልቭ ክዳን ነው። "ወርቁስ?" ሲል፣ "ይኸው! ጎረቤትህን ሁሉ ውኃ ያስጠማህበት ወርቅ" አሉት። አትሳቅ ከሊል፤ በረንዳህ ዛሬም አልተለሰነም።

እሺ፤ ዓሣው ተበልቷል። ወደ ቁጥሩ ልመለስ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለመስቀል አራት ቀን ሲቀረው፣ እትዬ ሊሻን ታችኛው ከተማ ሲቀላ ገበያው አጠገብ ችካላቸውን ተክለው ለሌላ ሥራ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ ወጡ። ለመቆፈር እኔ ቀረሁ። ችካሉ የቆመው ፀሐይ ላይ ነው። የሲቀላን የቀትር ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ አንድ የማንጎ ዛፍ አለ። "ክዳኑ ሰፊ ነው፤ ትንሽ ብጠጋ ምን ይለኛል?" አልኩና ችካሉን ነቅዬ ጥላው ውስጥ ተከልኩት። በሦስተኛው የዶማ ምት ቧንቧው ተበሳና ውኃው ከማንጎው በላይ ወጣ።

"ሚፍታ፣ ተው! ቁጭ በል!"

እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። አልቀመጥም፣ እትዬ። ከዛሬ ጀምሮ አለቃዬ አይደሉም።

ሲቀላ በዓሏን በጀሪካን አከበረች። አቶ ካሱ ደርሰው "ምልክቱን ያደረገው ማን ነው?" አሉ። እትዬ ሊሻን ችካሉን አዩት። ጥላውን አዩት። እኔን አዩኝ፤ ላብ እንኳ አልነበረብኝም። "እኔ ነኝ፤ ሳትኩ" አሉ።

እኔ ያኔ በሥራው ላይ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላኝ "ጊዜያዊ" ሠራተኛ ነበርኩ፤ ቋሚ ልሆን አንድ ወር የቀረኝ፤ ልጄ ዙሁራ ከተወለደች አሥራ አንድ ቀኗ። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ እሳቸው ፋይል ውስጥ ገባ። የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ሜዳሊያም በዚያው ቀረ፤ ሊሻን ያለ ሊሻን ቀሩ። ለእኔ በማግሥቱ ይህንን በእጄ የያዝኩትን ባርኔጣ ሰጡኝ። "ለፀሐዩ" አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቴን የት እንደቀበርኩት እያወቁ አንድም ቀን አልቆፈሩብኝም።

እትዬ ሊሻን፣ እንጀራዬን አትርፈውልኛል፤ አመሰግናለሁ። ዝም ያልኩት ግን ከፈሪነት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

አቶ ካሱ፣ ደብዳቤው ወደ እኔ ፋይል ይዛወር። ቁጥሩም ይታረም። አንዱ ስህተት ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ሁለቱም ናቸው። ያገኙት አራት መቶ አሥራ ሦስት፣ የሳቱት የለም። ችካሉን ፀሐዩ ላይ መልሻለሁ። ብዕር የሚያወጡት ለእርማቱ ነው ወይስ ለእኔ ማስጠንቀቂያ? ለሁለቱም? እሺ፤ ብቻ መጀመሪያ እርማቱን።

ኑሀ፣ ካርቶኑን አቅርብ። እትዬ፣ ጫፉ ብረት የሆነ ጫማ ነው፤ አሁን ማንም አይጮህብዎትም። ቁጥሩ ሠላሳ ሰባት። መሥሪያ ቤታችን ልክዎን ለማወቅ አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶበታል።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሡ። የኔ ሚሪንዳ ነው፤ የእናንተን አላየሁም። ዶርዜ እህትዎ ዘንድ ሲገቡ ጤናው ይከተልዎ፣ ዕድሜው ይርዘምልዎ፣ የቧንቧዎ ውኃ በቀን ይምጣልዎ። ለእትዬ ሊሻን!

ቆርኪውን ግን መሬት ላይ እንዳትጥሉ። ከነገ ጀምሮ ማሽኑን የምይዘው እኔ ነኝ።