ባሻ ለገሰ ያስረዘሟት መኪና

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በሐምሌ ወር፣ በላይነህ የሚባል የሃያ ዓመት ወጣት ከአዲስ አበባ የሙያ ትምህርት ቤት ለእረፍት ወደ ነገሌ ቦረና መጣ። አባቱ እዚያው ጦር ሰፈር አሥር አለቃ ናቸው። ሦስት ቀን በጭነት መኪና ላይ ሲንገላታ ሰንብቶ፣ የመንገዱ ቀይ አቧራ ከቅንድቡ ሳይራገፍ ገበያው ዳር እንደወረደ፣ ፍየል ተራው አጥር ሥር በዱላ ተደግፎ የቆመ ሰው በስሙ ጠርቶ በኦሮምኛ ሰላም አለው።

«አካም በላይነህ፣ ናጋ?»

ሰውየው ጂሎ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለቱ በባሻ ለገሰ ጋራዥ አብረው ሠርተዋል፤ በላይነህ የብየዳ ጀማሪ፣ ጂሎ የጭነት መኪና ረዳት ሆነው። ያን ጊዜ ጂሎ ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ መሰላል የሚወጣ ጎበዝ ነበር። አሁን ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ጠምሞ ገጥሟል።

«መውደቅህን አባቴ ጽፎልኝ ነበር» አለ በላይነህ ዓይኑን ከእግሩ ላይ መንቀል አቅቶት። «እንቅልፍ ጥሎት ከካሶኒው፣ ከጭነቱ ሳጥን ላይ ወደቀ ነው ያለኝ።»

«ሁሉም የሚለው ያንኑ ነው። ባሻ እንዲያ አሉ፣ አገሩም ተቀበለ» አለ ጂሎ። «እኔ አልተኛሁም። ወደ ገናሌ ድልድይ ስንወርድ ከኋላ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ካሶኒው ከነጆንያው ተቀነጠሰ። ብረቱ ነው የተቆረጠው። ግን ማን ይሰማኛል? ሥራ ስጠይቅ እንቅልፋሙ ጂሎ ይሉኛል፤ ለከብት ጥበቃ እንኳ የሚያምነኝ የለም።»

«የት ጋ ነው የተቆረጠው?»

«የተበየደበት አጠገብ።»

ያን ብረት የበየደው በላይነህ ራሱ ነበር። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ወር ባሻ የዚያችኑ መኪና ሻንሲ፣ ካሶኒውን የሚሸከመውን የወለል ብረት፣ ቆርጠው አንድ ሜትር ያህል እንዲቀጥልበት አዘዙት። የቅጥያው ብረት ምን ያህል ውፍረት እንደሚያስፈልገው ቢጠይቅ፣ «ዓይንህ ምን ይሠራል?» ብለው ገሠጹት። ብየዳው ሲያልቅ እንደ ሹሩባ ያማረ ነበርና ባሻ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። በዚያ ምርቃት ልቡ አብጦ ነው ከተማ ገብቶ መማር የፈለገው።

ይህን ሁሉ ለጂሎ ሊነግረው ይገባ ነበር። አልነገረውም። ሰው ጥፋቱን በድንገት ሲያገኘው አስቀድሞ የሚፈልገው ይቅርታ ሳይሆን መሸሻ ነው፤ በላይነህም ሻንጣውን አንሥቶ ሊሰናበት ነበር። የመኪና ጥሩምባ ባይሰማ ኖሮ ይሄድም ነበር።

የባሻ ለገሰ መኪና ናት። ያቺ የተቆረጠችው አይደለችም፤ ሌላ ናት፤ እሷም ተቀጥላ ካሶኒዋ ከኋላ ጎማዋ አልፎ እንደ ሰጎን ጭራ ወጥቷል። ከቦሬ የመጣ የእህል ነጋዴዋ የወይዘሮ ተናኘወርቅ ገብስ እስከ አፏ ተጭኖባት ወደ ሞያሌ ልትነሣ ነው። በጆንያው አናት ላይ ስምንት ሰው ተቀምጧል፤ ከመካከላቸው አንዲት ሴት ሕፃን አዝላለች።

በላይነህ ሻንጣውን ጥሎ ከመኪናዋ ፊት ቆመ።

ባሻ ለገሰ ጡረታ የወጡ የጦር ሠራዊት ሾፌር ናቸው። በወጣትነታቸው ለአንድ ጣልያን መካኒክ ቁልፍ እያቀበሉ ሙያውን ቀስመው፣ በነገሌ የመጀመሪያውን ጋራዥ የከፈቱ ሰው ስለሆኑ፣ በከተማው ስለ መኪና እሳቸው ያሉትን የሚሽር አልነበረም። ወጣቱን ሲያዩ ፈገግ ብለው ወረዱ።

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። አየሃት? ካለፈችው በግማሽ ሜትር ትበልጣለች። መሪዋ ደግሞ ቀለለልኝ፣ በአንድ ጣት ነው የማዞራት።»

«ባሻ፣ ይህች መኪና ዛሬ እንዳትሄድ እለምንዎታለሁ።»

«ምነው ሕልም አየህ?»

«ሕልም አይደለም። ሰው ትፈጃለች። ኋላዋ ከብዶ ፊቷን ከመሬት አንሥቶታል። መሪው የቀለለዎት ለዚያ ነው።»

የባሻ ፈገግታ ጠፋ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች። ሁለት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ አይተህ መጥተህ ነው ሰላሳ ዓመት ዘይት የጠጣ እጄን የምታርመው? እስቲ ከመንገዱ ዞር በል።»

«አልሄድም። ያለፈችውም እንዲሁ ስታምር ነበር። ጂሎ እንዳልተኛ ያውቃሉ፣ ባሻ።»

የገበያው ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ባሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የወደቀው በእግዜር ቁጣ ነው። ምሱን ያጣ ጋኔን በዚያ ቁልቁለት ላይ እንዳለ ሽማግሌው ሁሉ ያውቃል» አሉ።

«በሰው ፊት ተኝቶ ነው አሉ፤ ለእኔ ደግሞ ጋኔን ነው ይሉኛል» አለ በላይነህ፤ ንዴቱ አሁን ከቁጥጥሩ ወጥቶ ነበር። «ጋኔኑ እኔ ነኝ። ያን ብረት የበየድኩት እኔ ነኝ። በምን እንደምለካ ጠየቅሁዎት፣ ዓይንህ አሉኝ። እኔም ሳላውቅ አዎ ብዬ በየድኩ። ከውስጥ የሚደግፍ ደራቢ ብረት አላደረግሁበትም፤ መደረግ እንዳለበትም አላውቅም ነበር። የጂሎን እግር የሰበርነው እኔና እርስዎ ነን። ከዚያም አልፈው ስሙን ሰበሩት።»

ጂሎ እያነከሰ መጥቶ ከጎኑ ቆሞ ነበር። በላይነህን ረዥም ጊዜ አየው።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቅድም አጥሩ ሥር ስነግርህ ዝም አልክ።»

ጂሎ ዱላውን አጥብቆ ሲጨብጥ ያየ ሁሉ በላይነህን ይመታዋል ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ፊቱን ወደ መኪናዋ አዞረ። «የኛን ነገር ኋላ እንነጋገራለን» አለ። «ይህችኛዋስ ትቆረጣለች?»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የእህል ንግዱን ብቻቸውን የያዙ ቆራጥ ሴት ናቸው። ከገበያው ሰው መካከል ወጥተው፣ «ባሻ፣ እህል ይተካል፤ ያች ሴት ያዘለችው ሕፃን ግን አይተካም» አሉ። «ልጁ ቢዋሽ ማሳየት ያቅተዋል። ያሳየን። ሰዎቹ ይውረዱ።»

ባሻ በቁጣ ቀልተው፣ «አሳይ» አሉ። «ካላሳየህ ግን አባትህ ጦር ሰፈር ድረስ ሄጄ በአለንጋ አስገርፍሃለሁ።»

በላይነህ ቀጥ ያለ እንጨት አስመጥቶ ከፊት ጭቃ መከላከያው ጫፍ እስከ መሬት ለካና በቢላዋ ምልክት አደረገ። ከዚያ ከኋላ ጎማው ወዲያ የተደረደሩት ጆንያዎች እንዲወርዱ ጠየቀ። ሲወርዱ የመኪናዋ አፍንጫ ቀስ እያለ ዝቅ አለ። እንደገና ለካ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል አራት ጣት ገባ።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አሉ ባሻ። «እኔም ስበላ ሆዴ ይገፋል።»

«እንግዲያው ራስዎ ይንዱ። መጀመሪያ ጭነቱን እንደነበረ መልሰን፣ ከዚያ አጎድለን እንሞክራታለን። ሰው አይሳፈርባትም።»

ከጦር ሰፈሩ ማዶ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ሜዳ አለ፤ ወዲያና ወዲህ ከሰው ቁመት በላይ የሆኑ የምስጥ ኩይሳዎች ቆመውበታል። ጂሎ ነጭ ድንጋይ መሬት ላይ አኖረ፤ ባሻ ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ፍሬን እንዲይዙ ተስማሙ። ባሻ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ሕዝቡን በንቀት ገርመም አድርገው ነዱ። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ፍሬኑን ረገጡ። መኪናዋ ግን አልቆመችም። የፊት ጎማዎቿ መሬቱን ሳይቆነጥጡ እየተንሸራተቱ ወደ ግራ ሄደች፤ ባሻ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዙ፣ አልታዘዘቻቸውም። የኩይሳውን ጎን ገምሳ፣ አፈር ከብዷት ቆመች። በላይነህ ከነጩ ድንጋይ እስከ ጎማዋ በእርምጃ ቆጠረ፤ አርባ ሰባት ሆነ።

ባሻ ወርደው በሩን ተደግፈው ቆሙ።

«መሪው አልሰማኝም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ግማሹን ጆንያ አውርደው የቀረውን ወደ ፊት አስጠግተው ሲሞክሯት፣ በአሥራ ዘጠነኛው እርምጃ ቀጥ ብላ ቆመች። ያን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል የሳቀ አልነበረም። ሁሉም የሚያስበው ገናሌን ነው፤ እዚያ ገደል እንጂ ኩይሳ የለም።

ባሻ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። በጋራዡ ደጃፍ በርሜል ላይ ተቀምጠው እንዲህ አሉ፦ «እሺ፣ አየሁ። እንግዲህ መኪና አይነካ ልትለኝ ነው? ፈረንጅ የሠራት ለአስፋልት ነው። እዚህ አስፋልት የት አለ? ሰዉ እህሉን ጫንልኝ ብሎ ያለቅሳል። ሳልቀጥል፣ ክብደቱን የሚሸከመውን ባሌስትራ ሳልጨምር ምን ላድርግ?»

«ይንኳት እንጂ» አለ በላይነህ። «እኔም የማፈቅረው ሥራ ይኸው ነው። ለአገራችን መንገድ ያልተሠራችን መኪና ለአገራችን እንድትሆን ማበጀት ትልቅ ሙያ ነው። ነገር ግን ባሌስትራ ሲጨምሩ ተሸካሚውን አጠነከሩ እንጂ የሚያስቆመውን ፍሬን አላጠነከሩም። ጉልበት ጨምረው ልጓም ያልጨመሩላት ፈረስ ሆነች።»

«ይህን ሁሉ በሁለት ዓመት አስተማሩህ?»

«በመጀመሪያው ዓመት ብየዳ እንኳ አላስነኩኝም፣ ባሻ። እኔ ብየዳ እችላለሁ ብዬ ስፎክር፣ መምህሩ ፍሬን ሰጥተው ፍታና ግጠም አሉኝ። አሥር ጊዜ አስፈቱኝ። በጣም ተናደድኩ፤ የናቁኝ መሰለኝ። አሁን ነው የገባኝ። ጀማሪ አስቀድሞ መማር ያለበት ማስቆምን ነው። ከዚያ መለካትን። የነካውን ሁሉ፣ የተሰበረበትንም ጭምር በደብተር መጻፍን። መጀመሪያ ባዶዋን፣ ቀጥሎ በድንጋይ ጭነት ይሞክራታል፤ ሰው የሚጫነው በመጨረሻ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ የሞከርነው በጂሎ ነው።»

ባሻ አንገታቸውን ደፉ። «ታዲያ የሰላሳ ዓመት ሙያዬን ውሃ በላው?»

«አልበላውም። ብረት መቼ እንደሚግል፣ መቼ እንደሚሰባበር ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት፤ እንደርስዎ በድምፅ ብቻ ሞተር የሚያውቅ ሰው ትምህርት ቤታችን ውስጥ የለም። ዓይን ግን መልክ እንጂ ክብደት አያይም። ለእሱ መለኪያ አለ።»

ሽማግሌው በሞያቸው የኮሩ ሰው ናቸው፤ የኮራ ሰው ስሕተቱን ሲያምን ከሌላው የበለጠ ያመዋል። ከበርሜሉ ተነሥተው ከግድግዳው ላይ የብረት መጋዛቸውን አወረዱ።

«የት ጋ ልቁረጥ?» አሉ። «በዓይንህ አትንገረኝ። ለክተህ አሳየኝ።»

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። የተንጠለጠለው ጭራ ተቆርጦ ወጣ። የቀረው ቅጥያ ከውስጥ በወፍራም ብረት ተደርቦ በብየዳና በብሎን ተያዘ፣ ፍሬኑ ከነቧንቧው ታደሰ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ገብሳቸው እስኪጫን ሦስቱን ሳምንት ታግሠው ጠበቁ። ጂሎ በየቀኑ እየመጣ ሙከራውን ይቆጣጠር ነበር፤ ለበላይነህ ግን ከሥራው ቃል በቀር አንድም አያወጣለትም። በላይነህም ይህን ቅጣት አሜን ብሎ ተቀበለ።

ጥቅሙ ብዙ ሳይቆይ ታየ። መኪናዋ የምትጭነው ከበፊቱ ሩብ ያህል ቢያንስም፣ በየጉዞው መንገድ ላይ መሰበሯ ስለቀረ በወር የምትመላለሰው ሁለት ጊዜ መሆኑ ቀርቶ አራት ሆነ። በሦስት ወር የሚያልቀው ጎማ ዓመት አገለገለ። ከሻኪሶ ሳይቀር መኪናቸውን ለማበጀት የሚመጡ ባለንብረቶች በዙ። ባሻም ከእንግዲህ ለሚቀጥሩት ጀማሪ ሁሉ ስድስት ወር ፍሬን ሳያስፈቱ ብየዳ እንዳያስነኩ ማሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መኪናዋ ከታደሰች በኋላ በመጀመሪያው ጉዞዋ ዋዜማ፣ በቅዳሜ ገበያ የሆነው ነው። ባሻ ለገሰ ካሶኒው ላይ ወጥተው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«የነገሌ ሰዎች ስሙኝ» አሉ። «ጂሎ አልተኛም ነበር። ብረቱ ነው የተቆረጠው። ብረቱን ያለ ልክ ያስቀጠልኩት እኔ ነኝ፤ ተኛ ብዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ በኔ ጋራዥ የተበጀ መኪና ጂሎ ሞክሮ እሺ ሳይል አይወጣም።»

ሕዝቡ ወደ ጂሎ ዞረ። ጂሎ ፊቱን አልፈታም።

«እግሬ አይመለስም፣ ባሻ» አለ። «ስሜን ግን መልሰውልኛል። ሥራውን እቀበላለሁ።»

በላይነህ ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ እጁን ዘረጋለት። በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመላሽ ነበር። ጂሎ የተዘረጋውን እጅ አይቶ አልጨበጠውም።

«አንተ ገና ነህ» አለው። «ሂድ፣ ትምህርትህን ጨርስ። ተመልሰህ የሠራኸውን መኪና እኔ እሞክራለሁ። ያን ጊዜ እጅህን እይዛለሁ።»