ለባነሩ ጨርቅ የተላክሁ ዕለት

ደጋፊዎቹ ለእግር ኳስ ቡድናችን ባለቤት ለጋሽ ከድር ሳይሰሙ የምስጋና ባነር ሊያሠሩላቸው ገንዘብ አዋጡ። መርካቶ ውስጥ ጥሩ ነጭ ጨርቅ በቅናሽ የሚገኘው ደግሞ እሳቸው ሱቅ ነው። «አንቺን አያውቁሽም፤ አስተማሪ ነሽ፣ አይጠረጥሩሽም» ብለው እኔን ላኩኝ። እኔ ግን በዚያ ሱቅ በር ላለማለፍ ስንት ዓመት ሙሉ በተክለ ሃይማኖት ስዞር የኖርኩ ነኝ። ቡድኑ በተቀደደ ማልያ በሚጫወትበት ጊዜ፣ ስታዲየሙ ሁሉ «መጋዘኑን በጣቃ ሞልቶ፣ ቡድኑን አሰለፈው አራቁቶ» እያለ ጋሽ ከድርን የሰደበበትን ግጥም ጽፌ በወንድሜ በኩል ለአስጨፋሪው የላክሁት እኔ ነበርኩ። ይህን ከወንድሜ በቀር ማንም አያውቅም።

ጋሽ ከድር ጨርቁን እየለኩ «ለምንድን ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ። ውሸት አዘጋጅቼ ነበር። አፌን ስከፍት ግን «ጋሼ፣ ያንን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሊቆርጡ ያነሱት መቀስ ቆመ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

«አራቁቶ ያልሽኝ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከት ብለው ሳቁ። «ልጆቼ ሳይቀሩ እቤት ሲዘፍኑት ብሰማ እኮ ነው በማግስቱ አዲስ ማልያ ያሰፋሁት! እኔ ደግሞ የጎረምሳ ሥራ ነው ብዬ ስንቱን ተቆጣሁ!» ከዚያ ጨርቁን መልሰው ዘርግተው ሁለት ሜትር ጨመሩበት።

«ጋሼ፣ የታዘዝኩት ስድስት ሜትር ነው።»

«አውቃለሁ። ለባነሩ ጨርቅ አስተማሪ እንደሚላክ የጨርቅ ተራው ሁሉ ሲያወራ ነው የሰነበተው። ይቺ ግጥምሽን አርመሽ የምትጽፊባት ናት፣ አስተማሪ።»

አሁን ወደ ቤቴ የምሄደው በሱቃቸው በር በኩል ነው።