የሞክሼዬ አማችና አራቱ ቸርኬዎች

ነይ ውዳድዬ፣ ነይ ግቢ። በረዶም ይዘሽልኝ መጣሽ? እግዜር ይስጥሽ የኔ እናት። ወንበሩን እዚህ ሳቢው፣ እዚህ በሩ ጥግ… እግርሽን ወደ በሩ ሥር ዘርጊው። ተሰማሽ? በስንጥቁ ቀዝቃዛ አየር ትወጣለች። ቀጭን ናት፣ ግን አለች። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ከዚህ ቦታ አልተነቃነቅኩም፤ ጠዋት ግራ እግሬን፣ ከሰዓት ቀኝ እግሬን አስጠጋለሁ። ዛሬማ ያ ኸምሲን የምትሉት ነፋስ አሸዋውን ተሸክሞ ሲመጣ፣ ፊቴ ላይ በርበሬ የነሰነሱብኝ ነው የመሰለኝ።

ባልሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? ተመስገን። የኔዋም ፀዲ ደህና ናት። ትናንት በሰላም ተገላግላለች፤ እሱንማ ከእኔ ቀድመሽ እልል ያልሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ ከሰዓት ከሆስፒታል ያስወጧታል። ሐኪሟ በፈረንሳይኛ ነገረችኝ፣ ነርሷ በሶማልኛ ደገመችልኝ፣ እኔ በአማርኛ ገባኝ፤ ሕፃኑን ሙቀት እንዳይነካው፣ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ይተኛ ነው የምትለው…

የትኛው ክፍል አልሽ? ተይው፣ እሱን አናነሳም። ሰው ቤት ተቀምጦ የሰውን ቤት ማውራት ነውር ነው። ይልቅ ስለ ሞክሼዬ ላጫውትሽ። ድሬዳዋ አንዲት ሞክሼ አለችኝ፣ እሷም ዘነቡ ናት። እንደኔው ባሏ የሞተባት፣ እንደኔው አንዲት ሴት ልጅ ያላት፣ ልጇንም እዚሁ ጅቡቲ የዳረች። ሰው እንዴት ይመሳሰላል፣ አይገርምም? ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ይበል ግዴለም፤ ኤሲው ይጮኻል፣ ጨዋታው ለማንም እንዳይጎድልበት ብዬ ነው።

እና ይቺ ዘነቡ፣ የልጇ መውለጃ ሲቃረብ ቅቤዋን አነጠረች፣ የገንፎ እህሏን አስፈጨች፣ አብሿን ቋጠረች፣ ባቡር ተሳፍራ መጣች። ነጋድ ጣቢያ የተቀበላት አማቿ ነው። ጨዋ ልጅ! ወደብ ላይ የትራንዚት ጸሐፊ ነው፤ የተማረ፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ ጫት በእጁ የማይነካ። ሌላ ሴት ጋ ይሄዳል? በጭራሽ። እንዲያውም ዘነቡ ኋላ ላይ «ምነው በሄደ» የሚል ሐሳብ መጥቶባት፣ ደንግጣ አማትባለች። ሴት እኮ ቢያንስ ሲመሽ ቤቷ ትገባለች…

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አንዱ ኤሲ አለው፣ አንዱ የለውም። ልጇ ያንን ሆዷን ታቅፋ የሌለው ውስጥ ተጋድማለች፤ ላቧ ፍራሹን አልፎ ወለሉን አርሶታል። «ምነው እዚህ?» ብትላት፣ «እዚያ ተይዟል እማዬ» አለቻት። እንግዳ ያለ መሰላት። አማቿ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ «ጫማዎን ያውልቁና ቀስ ብለው ይግቡ፤ በሩ ብዙ አይከፈት፣ ቅዝቃዜው ይወጣል» አላት። ገባች። ፍራሽ ላይ ነጭ አንሶላ ተነጥፎ፣ ስስ ነጠላ የለበሱ አራት ነገሮች ተኝተዋል። ሰውየው ነጠላውን በሁለት ጣቱ ገለጥ አደረገና ፈገግ አለ። እንዴት ያለ ፈገግታ መሰለሽ… የአባት። ሞክሼዬ ዓይኗ ደከም ያለ ነው፤ የልጇን ሆድ አሁን ማየቷንም ረስታ፣ ልጄ ሳልደርስላት ወልዳለች ብላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እልልታውን ትታ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካ አደረገችው።

ቸርኬ ነው ውዳድ። የብስክሌት ቸርኬ። ከነራጂ ሽቦው። አራት።

እሱ ግን ትዕግሥቱ! እሷ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት ብሎ አልናቃትም፤ አስቀምጦ አስረዳት። ካርቦን ከሚሉት ቀላል ነገር የተሠሩ ናቸው። ሁለቱ ከፈረንሳይ የመጡ፣ ስም ያላቸው፤ ሁለቱ ከቻይና የመጡ፣ ስማቸው የማይታወቅ። የስመ ጥሮቹ ዋጋ የእነዚያ አራት እጥፍ ነው። ሙጠሊብ የሚባል ብስክሌት ሻጭ «ሁለቱንም ጥንድ ውሰድ፣ አይተህ ሐሙስ አንዱን መልስ» ብሎ ሰጠው። ደግ ነጋዴ ነው ሙጠሊብ፤ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ግን ሳይነግረው ቀረ። ሞክሼዬ ስትደርስ አንድ ሐሙስ አልፎ ነበር፤ አሁን አራት ሆኗል። ሙቀት ደግሞ አይስማማቸውም። በተለይ ርካሾቹ፣ በጋለ አየር ፍሬን ሲይዟቸው ይጣመማሉ ይባላል። እና የሚመረጠው እስኪታወቅ ድረስ አራቱም ቀዝቃዛው ክፍል ይተኛሉ። ውድና ርካሽ ሳይል እኩል የሚያስተኛ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? በዚያ ቤት ለብቻዋ የተለየችው ሚስቱ ብቻ ናት…

ስመ ጥሮቹ ደግሞ ዋስትና አላቸው። ቢሰነጠቁ አምስት ዓመት ድረስ ይተካሉ፤ ወረቀቱን አሳይቷታል። ሞክሼዬ ያንን ወረቀት በእጇ ይዛ ብዙ ቆየች። ልጇን ስትድር ሽማግሌዎቹ ዋስ ነን ብለው ቆመው ነበር… ወረቀት ግን አልሰጧትም።

ብስክሌቱስ? አለ እንጂ! ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ልክ ሥጋ ቤት ያለ ብልት መስሎ። የድሮ ቸርኬዎቹን «ለአዲሶቹ ቦታ ይልቀቁ» ብሎ ሸጧቸዋል። አሁን ወደብ የሚሄደው በሚኒባስ ነው። ልብሱን ግን አልተወም፤ ያንን የሚጣበቀውን ቁምጣ ለብሶ፣ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ አሳ ከሚሸጡት ሴቶች መሃል ተጣቦ ይሄዳል። ጅቡቲ መቼም ሜዳ ናት። እሱ ግን «ለዳገት የሚቀለው የትኛው ነው?» እያለ አንድ ሳምንት ሙሉ አጠና። ዳገቱ ድንገት ቢመጣስ? አርቆ አሳቢ እኮ ነው።

ሞክሼዬ ብስክሌት የማታውቅ እንዳይመስልሽ። ድሬዳዋ ተወልዶ ብስክሌት የማያውቅ አለ? ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምድር ባቡር ጋራዥ ሠላሳ ዓመት የተመላለሰው በአንድ ብስክሌት ነው። ዘንቢሉን ከፊት፣ ልጃቸውን መሃል፣ እሷን ከኋላ ጭኖ። ቸርኬው ሲጣመም በጉልበቱ ደግፎ ያቃናው ነበር። ምስኪን… ያን ጊዜ ምርጫ የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ ሳያጠና ሚስቱን ጫነ።

ልጅቷ ደግሞ ከማዕከላዊ ገበያ የሕፃን ሚዛን ገዝታ ነበር፤ ያቺ በመንጠቆ የምትንጠለጠል፣ ሕፃኑ በጨርቅ ተደርጎ የሚሰቀልባት። አማቿ ሲያያት ዓይኑ በራ። ሞክሼዬም «ተመስገን፣ አባትነቱ መጣ» አለች። ሰቀላቸው። ተራ በተራ፣ በሕፃኑ ጨርቅ ጠቅልሎ። የፈረንሳዮቹ ጥንድ ኪሎ ከአራት መቶ፣ የቻይናዎቹ ኪሎ ከስድስት መቶ። ሁለት መቶ ግራም! ከድንጋጤው የተነሳ ያን ቀን እራት አልበላም… ውሸቴን ነው፣ በልቷል። እሱ መቼም ሰውነቱ ሞላ ያለ ነው፣ ከዓይን ያውጣው። ሁለት መቶ ግራም ከእሱ ላይ ቢነሳ እሱም ሳይሰማው ይውላል። ግን ሰው ከራሱ ላይ እንዴት ብሎ ይቀንሳል? ከቸርኬ ላይ ነው እንጂ።

ሚስቱን ረስቷታል ብትዪኝ ግን እንጣላለን። ሰው ሐሜተኛ ነው። አንድ ቀን በሙቀቱ መተንፈስ ሲያቅታት ሮጦ ገብቶ፣ ቸርኬዎቹ የመጡበትን ካርቶን ቀዶ ማራገቢያ ሠራላት። ያውም ሁለት፤ አንድ ከፈረንሳዩ ካርቶን፣ አንድ ከቻይናው። ከዚያ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «የትኛው ነው የተሻለ ነፋስ የሚሰጥሽ?» «የፈረንሳዩ» አለችው፣ ዓይኗን ጨፍና። ደብተሩ ላይ ጻፈው። ትንሽ ቆይቶ ግን «በቀኝ እጅሽ ስለያዝሽው ይሆናል» አለና ሰረዘው። ሞክሼዬ ያን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለእመቤቴ ጃንጥላ ተሳለች። ይኼ ይመረጥ፣ ያ ይመረጥ አላለችም፤ እመቤቴን በቸርኬ ማስቸገር ድፍረት ነው። «ብቻ አንዱን» ነው ያለችው።

ምጡ በቀትር መጣ። ሞክሼዬ የልጇን ወገብ ደግፋ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። እሱ ከቀዝቃዛው ክፍል ሁለት ቸርኬ በሁለት እጁ ይዞ ብቅ አለ። አሽከረከራቸው፤ ትዝዝዝ… «አንድ ነገር ብቻ ፍቅሬ፤ የትኛው ድምፁ ይሻላል? አንቺ ጆሮሽ ጥሩ ነው።» ምጡ ያዛትና «ያኛው!» ብላ ጮኸች። የፈረንሳዩ! ደስ አለው። ሁለተኛው ምጥ ሲመጣ «ይኼኛው! ይኼኛው!» አለች። ፊቱ ጠቆረ፤ አንድ ለአንድ ሆኑበት። ሦስተኛውን ምጥ ቆሞ ሲጠብቅ… ሞክሼዬ ታጋሽ ናት፣ ያውቃታል አገሩ። በክርኗ ገፋ አድርጋው አለፈች። ሳታስበው ነው።

ሆስፒታል ማን ወሰዳት? የጎረቤት ባል። ስሙን ብጠራው ታውቂዋለሽ፣ ይኼን በረዶ የገዛውም ሳይሆን አይቀርም። አማቿማ እንዴት ይሂድ? መብራት ቢጠፋስ? ኤሲው ቢቆም ቤት ውስጥ ማን አለ? ግን ደወለ! ልጁ እንደተወለደ ወዲያው ደወለ። «ወንድ ነው ሴት?» አላለም፤ ያንንማ ማንም ይጠይቃል። «እሷስ?» አላለም፤ በእኛ ይተማመናል… በእነሱ ማለቴ ነው። «ስንት መዘነ?» ነው ያለው። «ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ» ስትለው፣ «ለመጀመሪያ ጥሩ ነው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሞክሼዬ ጸሎቷን አድርሳ፣ ይቺን የመሰለች በር አንኳኳች። «ልጄ፣ አራስህ ዛሬ ትገባለች። ሐኪሟ ሕፃኑን ሙቀት እንዳይነካው ብላለች። ክፍሉን ላዘጋጅ?» እንዴት ባለ አክብሮት መለሰላት መሰለሽ! «እማማ፣ እስከ ሐሙስ ብቻ ይታገሡኝ። ሐሙስ እወስናለሁ።» ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ውዳድ? አርብ። ያን ጊዜም አርብ ነበር፣ ግጥምጥሞሽ ነው። ያለፈውን ሐሙስ ለምን አልወሰነም እንዳትዪ፤ ሚስቱ ስትወልድ ዋለች። በጩኸት መሃል እንዴት ይወሰናል?

ቆይ እስቲ… ሰማሽ? ውስጥ ትዝዝ ሲል የነበረው ነገር ዝም አለ። ነፋሱ ይሆናል። ብቻ ዝም አለ።

እና ሞክሼዬ ምን አደረገች? አልተጣላችም፣ አልጮኸችም፣ በሩን አልገፋችም። አንዲት አንቺን የመሰለች ጎረቤት፣ የሆስፒታሉ በር ላይ እንደቆመች፣ «አራሷን እኔ ቤት አምጧት፤ የኛ ክፍል ቀዝቃዛ ነው፣ እኛ ከልጆቹ ጋር ሳሎን እንተኛለን» ብላት ነበር። እንዲሁ በቁሟ፣ ሳትመዝን። ሞክሼዬም ቅቤዋን፣ እህሏን፣ የሕፃኑን ልብስ ቋጠረች። እስከ ክርስትናው አርባ ቀን አለ። ያ ሰው ሚስቱን ፈልጎ ከመጣ የጎረቤት በር አይዘጋበትም፤ ግን ባዶ እጁን ይምጣ። ካልመጣ ደግሞ ባቡሩ ወደ ድሬዳዋም ይሄዳል። ልጅቷ ናት «እማዬ፣ ካርባ ቀን በኋላ እንሄዳለን» ያለችው፤ እናቷ አፏንም አልከፈተች።

ያ ጡሩምባ የባልሽ መኪና ነው አይደል? ፀዲዬን ይዟት መጣ! ተነሺ፣ ተነሺ የኔ እናት፣ ያንን ጓዝ ያዢልኝ። ቀጥታ አንቺ ደጅ ያቁም በይው፤ እዚህ መውረድ የለም፣ በር ሲከፈት ቅዝቃዜው ይወጣል።

ቆይ ግን… የሰው ደጃፍ ተቀምጦ ሳይመርቁ መነሳት አግባብ አይደለም። ሞክሼዬም አማቿን ሳትመርቅ አልወጣችም። በሩ ጋ ቆማ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ከልቧ ነው የመረቀችው። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ልጅህን ያሳድግልህ። ጧሪ ቀባሪ ያድርግልህ። መልኩም ልቡም ቁርጥ አንተን ይሁን፣ አንተን ብቻ ይምሰል። ለአንተም ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ ሸብተህ፣ ጉልበትህ ከድቶህ፣ ትንፋሽ አጥሮህ፣ ‹ልጄ፣ እስቲ የማርፍባት ጥግ ስጠኝ› የምትለው ቀን ሲመጣ… ዛሬ አንተ እንዳደረግህለት፣ ቅንጣት ሳያጎድል፣ እሱም እንዲሁ ያድርግልህ።»

አሜን በይ እንጂ ውዳድዬ።