በሰባት ያላባዛነው ቁጥር

ቡታጅራ ሒሳብ ሳስተምር የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሰሚራ የምትባል ተማሪዬ አባቷን ከቀበረች ወዲህ ክፍል ውስጥ ቃል ከአፏ አይወጣም ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ 142857 ጻፍኩና «በሁለት አባዙት፣ ቀጥሎ በሦስት፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ ስድስት» አልኳቸው። በሁለት 285714፣ በሦስት 428571 እያሉ ሲሠሩ፣ ሰሚራ ድንገት ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ አንድም የጎደለ የለም እኮ! ቦታ ብቻ ነው የተቀያየሩት!» ፊቷ በርቷል።

ከኋላ አንዷ «በሰባትስ ቲቸር?» አለችኝ። በሰባት ሲባዛ ስድስቱም አኃዞች ይጠፉና 999999 ይሆናል። ጠመኔውን እንደያዝኩ ሰሚራን አየኋት። «ለዛሬ ይብቃን፣ ሰዓቱ አልቋል» ብዬ ሰሌዳውን አጠፋሁት።

ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረን ነበር።