በእኔ ወረቀት የታከሙት ጋሽ ወልዴ

ስሙኝማ፣ ትናንት አቃቂ ፋብሪካችን ውስጥ የሽመና ማሽኑ ጣቴን ቦጨቀኝ። ያለ አለቃ ወረቀት ክሊኒክ መግባት የለም፤ ወረቀቴን ተቀብዬ አብረውኝ የሚሠሩት ጋሽ ወልዴ ደግፈውኝ ሄድን። ሲስተሯ እኔን ትታ እሳቸውን ታያለች።

«ደረትዎን ያምዎታል?»

«ትንሽ ነው ልጄ፣ እሱን እዪው።»

የልብ ምታቸውን ቆጠረችና የጃንሆይ ፎቶ ስር ያለው አልጋ ላይ አስተኛቻቸው።

«በሽተኛው እኔ ነኝ፤ ደሜ አይታይሽም?» ብዬ ጮህኩባት።

«አንተ ለመጮህ ትንፋሽ አለህ። እሳቸው ላብ አጥምቋቸው ዝም ብለዋል» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ የእኔን ስም ሰርዛ የሳቸውን ጻፈችና በፋብሪካው መኪና ሆስፒታል ላከቻቸው። ልባቸው ነበር፤ እግዜር ይመስገን፣ ተርፈዋል።

ጣቴን አሳስሬ ስመለስ አለቃዬ «ወረቀትህስ?» አለኝ።

«ጋሽ ወልዴ ሄዱበት።»

«ታዲያ የታመሙት እሳቸው ከሆኑ አንተ የት ነበርክ?» ብሎ ከሥራ የጠፋ አድርጎ መዘገበኝ።